ጀልባዬ ሁለት ዓመት ውሃ አላየችም፣ ልሽጣት ወይስ ልቀጥል?

የደረሰኝ ደብዳቤ ትንሽ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፣

«ጋሼ እንዴት ሰነበቱ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ 41 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ሆስፒታል የሌሊት ሺፍት እሰራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ የ1978 ካታሊና 27 ባለሸራ ጀልባውን በ2,500 ዶላር ሸጠልኝ። አባቴ አሁን 77 ዓመቱ ነው፣ በወጣትነቱ ምፅዋ ባህር ኃይል ነበር፣ እሱን ይዤ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ልወጣ ነበር ሃሳቤ። ጀልባዋ ግን እስከዛሬ ከአናፖሊስ በታች አንድ ቦትያርድ (የጀልባ ማቆያ ግቢ) ውስጥ ድጋፍ ላይ እንደቆመች ነው። ውስጧን አፍርሼ እንጨቱን እያደስኩ ነው፣ ከ7,000 ዶላር በላይ ወጥቷል፣ ለቦታው ደግሞ በየወሩ እከፍላለሁ። ከማስቱ (ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ) ፊት ለፊት ያለው ዴክ (የላይኛው ወለል) ስረግጠው ስምጥ ይላል፣ ከስር ያለው ከባዱ ኪል ከጀልባዋ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ከፊት በኩል ተሰንጥቋል። ሞተሩ የድሮ ባለቤንዚን አቶሚክ 4 ነው፣ አንድ ሰው አውጥተህ ጣለውና አዲስ ዲዝል አስገባ አለኝ። ባለቤቴ ጀልባዋን ‹ጣውንቴ› ነው የምትላት። አባቴ በየእሁዱ ‹መርከቧ መቼ ነው የምትወርደው?› ይለኛል። ልሽጣት ወይስ ልቀጥል? ደረቅ መሬት ላይ የቀረው ነኝ።»

ወንድሜ ደረቅ መሬት ላይ የቀረኸው፣ አይዞህ ብዙ ነን። እኔ የመጀመሪያዋን ጀልባዬን ሦስት ሰመር ሙሉ ስፈገፍግና ስቀባ ነው የከረምኩት፣ የውስጥ በሮቿን ስምንት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብቻለሁ፣ ስምንት! በመጨረሻ ውሃ ላይ ስትወርድ በሩን ማን አየልኝ መሰለህ፣ ማንም። በዛው ሳምንት ግን የሲንኩ ውሃ የሚወጣበትን ቫልቭ ልዘጋ ስይዘው ከነአንገቱ ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረ፣ ባህሩ ቤቴ ገባ በለኝ፣ እቃ ማጠቢያ ጨርቅ ስወትፍ ስወትፍ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ደረሰ። ያን ቀን ነው የገባኝ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰራ የነበረው የማያስፈልገውን ነበር።

ስለዚህ መልሴ ልሽጣትም ልቀጥልም አይደለም። አትሽጣት፣ የያዝከውን እድሳት ግን ዛሬውኑ አቁም። እንጨቱን ተወው። ሁለት ወረቀት አምጣና ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ ብለህ ያልተሰራውን ነገር ሁሉ ጻፍ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የሚገባው ውሃ የሚያስገባ፣ ማስት የሚጥል ወይም ሰው የሚገድል ነገር ብቻ ነው፣ የቀረው በሙሉ፣ የሚያስጠላህም ቢሆን፣ እንግዳ ፊት የሚያሳፍርህም ቢሆን ሁለተኛው ወረቀት ላይ ይሂድ። የመጀመሪያው ወረቀት ያለቀ ቀን ጀልባዋ ትውረድ። ሁለተኛው ለዊንተር ይቆይ፣ ከዛም ለሚቀጥለው ዊንተር፣ እኔ የሁለተኛው ወረቀቴ እስካሁን አላለቀም።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ ልጨርሰው፣ ምክንያቱም ደስ የማይል ነው። ካታሊና 27 ከ1971 ጀምሮ ሃያ ዓመት አካባቢ ከ6,000 በላይ ተሰርታለች፣ ሞልታለች ማለት ነው፣ ስለዚህ ውስጧን እንደ ሆቴል ብታደርገውም ያወጣኸውን ማንም አይመልስልህም። 7,000ውን እርሳው። ዛሬ ውስጧ ፈርሶ ብትሸጣት ደግሞ የገዛህበትንም አታገኝም፣ እንደውም ውሰዱልኝ ብለህ መለመን ይመጣል። ጥሩ ጎኑ፣ በብዛት ስለተሰራች መለዋወጫው አለ፣ ያንተ ችግር ከዚህ በፊት ሺ ሰው ላይ ደርሶ መፍትሄው ታውቋል፣ አንተ ጋ ብቻ የመጣ ጉድ የለም።

ለምሳሌ ያ ያስደነገጠህ ስንጥቅ። ካታሊናዎች ላይ በጣም የታወቀ ስለሆነ ሰዎቹ ራሱ «የካታሊና ፈገግታ» ነው የሚሉት። ጀልባህ በጠቅላላ 3,100 ኪሎ አካባቢ ትመዝናለች፣ ከዛ ውስጥ 1,200 ኪሎ ገደማው ከስር የተንጠለጠለው እርሳስ ኪል ነው፣ እሱን የያዙት ብሎኖች በ40 ምናምን ዓመት ሲላሉ መጋጠሚያው ከፊት በኩል አፉን ይከፍታል። ቀጭን መስመር ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም፣ የሚያስጨንቀው ብሎኖቹ ናቸው። ወለሉን አንሳና ቢልጅ ውስጥ፣ ማለትም ከወለሉ ስር ውሃ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ቦታ፣ ውሃውን ጠርገህ በባትሪ መብራት ተመልከታቸው፣ ዝገቱ ቅርፊት እያነሳ የሚረግፍ ከሆነ ወይም የብሎኑ ራስ ከስቶ ጫፉ የተበላ ከሆነ አትነካካው፣ እዛ ላይ ሰርቬየር (የጀልባ መርማሪ) ክፈል። ለአሮጌ ጀልባ ኢንሹራንሱም ቢሆን የሰርቬየር ወረቀት ሳያይ ብዙ ጊዜ እሺ አይልም፣ ስለዚህ ያው አንዴ የሚወጣ ወጪ ነው። ይሄ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ቁጥር አንድ ነው፣ ቤተሰብ ልትጭን ነው አይደል።

ዴኩ ደግሞ እንዲህ ነው። የምትረግጠው ነገር ወጥ ፋይበርግላስ አይደለም፣ ሁለት ስስ ፋይበርግላስ መሃል እንጨት የተቀበረበት ነው፣ ልክ እንደ ሳንድዊች። በየብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲያረጅ ዝናብ በዛ ይገባና መሃል ያለው እንጨት ይበሰብሳል። እናቶቻችን ገበያ ጀበና ወይም ድስት ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ሰጥተው አይደል የሚመርጡት፣ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ያስታውቃል፣ ዴክም እንደዛው ነው። የስክሩድራይቨር የፕላስቲክ እጀታውን ይዘህ በጉልበትህ ተንበርክከህ በየጣት ርቀቱ አንኳኳ፣ ጤነኛው ቦታ ጠንከር ያለ ጥርት ያለ «ጠቅ» ይልሃል፣ የበሰበሰው «ዱብ» ይላል፣ ድንበሩ ላይ ስትደርስ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ጨርሰህ ብድግ ስትል ካርታው ፊትህ ላይ ተስሏል።

አሁን ካርታውን ተመልከት። የተበላሸው ቦታ ከፊት መስኮቱ አካባቢ ብቻ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ጻፈውና እለፈው፣ ስምጥ ስምጥ ይላል እንጂ ይዞህ አይወርድም። እንዳይባባስ ግን በዛ አካባቢ ያሉትን ብሎኖች አውጥተህ ከስራቸው ቡቲል የሚባለውን የሚለጠጥ ማሸጊያ አድርገህ መልሰህ እሰራቸው፣ በናትህ ሲሊኮን እንዳትጠቀም፣ ሲሊኮን አንዴ ከነካው በኋላ ምንም ነገር እዛ ላይ አይያዝም። እርጥብ እንጨት ውስጥ ቀዳዳ በስቶ ኢፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ሙጫ በመርፌ መውጋት የሚሉትንም አትስማ፣ የራሰ እንጨት ኢፖክሲ አይጠጣም። ምልክትህ ማስቱ የቆመበት ስር ከገባ ወይም ማስቱን የያዙት ሽቦዎች ዴክ ላይ የሚታሰሩበት ጋ ከደረሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ያንተ ማስት ዴክ ላይ ነው የሚቆመው፣ እዛ ጋ ያለ ብስባሽ የመጀመሪያው ወረቀት ነው፣ የላዩን ፋይበር ቆርጠህ አንስተህ፣ የበሰበሰውን ጠርገህ፣ አዲስ እንጨት በኢፖክሲ አስገብተህ ነው የምትዘጋው። ከባድ አይደለም፣ ያሳክካል እንጂ። ረጅም እጅጌና ማስክ።

ቫልቮች። በዛን ዘመን ካታሊናዎች ላይ እንደ ጓሮ ቧንቧ የሚሽከረከር፣ ብራስ ከሚባለው ነሀስ የተሰራ ቫልቭ ነበር ብዙ ጊዜ የሚገጠመው፣ እኔ እጅ ላይ የቀረው እሱ ነው። ያንተም እንደዛ ከሆነ ጥያቄ የለውም፣ ጀልባዋ ከውሃ ውጪ እያለች በሙሉ አውጥተህ ለባህር የተሰራ ብሮንዝ ባለ እጀታ አስገባ፣ ቱቦዎቹንም ቀይር፣ እያንዳንዱን በሁለት ማሰሪያ እሰር። ከእያንዳንዱ ቫልቭ ጎን ደግሞ ሾጠጥ ያለ የእንጨት ውታፍ በሲባጎ አንጠልጥል፣ ሁለት ሦስት ዶላር ነው፣ እኔ ያን ቀን ቢኖረኝ ኖሮ ጨርቅ ባልፈለግኩ ነበር።

ማስቱን የያዙትን ሽቦዎች መቼ እንደተቀየሩ ጎረቤትህን ጠይቀው። «አላስታውስም» ካለህ አርጅተዋል ማለት ነው፣ ከአስር አስራ አምስት ዓመት በኋላ አይታመኑም። የተበጠሰ ክር ካለ ለማወቅ ሶፍት ወስደህ ሽቦው ላይ እየጎተትክ ሂድ፣ የሚይዘው ቦታ አለ፣ በባዶ እጅህ ግን እንዳትሞክረው፣ ጣትህን ነው የሚቀድልህ። እኔ ልኩን ወስጄ አሰርቼ ራሴ ስገጥም 1,800 ዶላር ወጥቶብኛል፣ ከወጪዎቼ ሁሉ ያልቆጨኝ እሱ ነው።

ሞተሩ ላይ ምክር የሰጠህ ሰው ምናልባት ዲዝል ሻጭ ይሆን እንዴ? አዲስ ዲዝል ከነመግጠሚያው ጀልባዋን የገዛህበትን አራት አምስት እጥፍ ይበላል። አቶሚክ 4 ከ1949 እስከ 1985 ድረስ ወደ 40,000 የሚጠጋ የተሰራ ሞተር ነው፣ መለዋወጫው ዛሬም ይሸጣል። መጀመሪያ ሻማዎቹን አውጥተህ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጨምርና ሁለት ሦስት ቀን አሳድረው፣ ከዛ በእጅህ አዙረው፣ ከዞረ ሞተር አለህ። ሁለት ዓመት የቆየውን ቤንዚን አስወጣ፣ የነዳጅ ቱቦውን ቀይር፣ ካርቡሬተሩን እጠብ፣ ውሃ የሚስበውን የጎማ ኢምፔለር ቀይር። በቃ።

ግን ቤንዚን ነውና አንድ ነገር በደንብ ስማኝ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ወርዶ ቢልጅ ውስጥ ይተኛል፣ አንድ የባትሪ ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ ቁልፍ ከማዞርህ በፊት ብሎወሩን (ትነቱን ወደ ውጪ የሚያስወጣውን ማራገቢያ) አብርተህ ቢያንስ አራት ደቂቃ ታስኬዳለህ፣ ከዛ ወለሉን ከፍተህ አጎንብሰህ ታሸታለህ። አፍንጫህን እመነው። ሸተተህ? አታስነሳም፣ ልጆቹን ዶክ (ጀልባው የሚታሰርበት መድረክ) ላይ አውርደህ ምክንያቱን ትፈልጋለህ። ብሎወሩ የማይሰራ ከሆነ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከላይ ጻፈው።

የስሩን ቀለም ሳትቀባ አትውረድ፣ ቤዩ ላይ ቀንድ አውጣ የመሰለው ነገር ለጉድ ነው የሚለጠፈው፣ ሌላ ስለቀለም የምለው የለኝም።

ከዛ የምትወርድበት ቀን። ትራቭል ሊፍቱ (ጀልባ የሚያነሳው ክሬን) በሰፋፊ ማሰሪያ አቅፎ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ያወርዳታል፣ ሰውየው ሊቸኩል ይችላል፣ ከኋላህ ሌላ ጀልባ ቆሟል፣ አንተ ግን ቀድመህ ንገረው፣ ማሰሪያው ላይ እያለች ቢያንስ አስር ደቂቃ አቁምልኝ በለው። ዘለህ ግባና ወለሉን በሙሉ ክፈት፣ እያንዳንዱን ቫልቭ ዙሪያውን በሶፍት አብስ፣ ጠብቅና ደግመህ አብስ፣ ሶፍቱ ደረቅ መሆን አለበት። ሞተሩ ፕሮፔለሩን የሚያዞርበት ዘንግ የሚወጣበት ቦታ ላይ የድሮው አይነት ማሸጊያ ካለህ ግን ዘንጉ ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ጠብ ጠብ ማለት አለበት፣ እንዳትደነግጥ፣ ውሃው ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ጭራሽ ደርቆ ቢግል ነው መደንገጥ። ቢልጅ ፓምፑን ደግሞ ከዛ በፊት ባልዲ ውሃ ደፍተህ ሞክረው፣ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ አይበቃም፣ ሲተፋ ማየት አለብህ።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ወረቀት፣ ምናለው መሰለህ፣ ቫርኒሹ፣ ትራሶቹ፣ የደበዘዘው የጀልባው ቀለም፣ የተሰነጠቀው መስኮት (ካላፈሰሰ)፣ ያ በአልኮል የሚነድ የድሮ ምድጃ ካለም እሱ፣ ሲያቀጣጥሉት ነበልባሉ ጣራ ይልሳል፣ እስክትቀይረው እንዳትለኩሰው። ሽንት ቤቱም ወደ ውጪ የሚለቅ የድሮ አይነት ከሆነ ዝጋው፣ ቤዩ ላይ ጥሬውን መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ለጊዜው ተንቀሳቃሽ የካምፒንግ መቀመጫ ይበቃል። ባለቤትህን ሳታማክር ይሄኛውን ግን አትወስን።

ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ያለው ጀልባ ለመንዳት የቦቲንግ ሴፍቲ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፣ አንተ ትገባበታለህ፣ ኦንላይን ትጨርሰዋለህ። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ፣ ለልጆቹ ደግሞ ገና ዶክ ላይ እያሉ ይልበሱ። ማሪና ውስጥ ልጅ አይዋኝም፣ ከጀልባ የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ ውሃ ውስጥ ሰው ይገድላል፣ ሲታይ ምንም አያስታውቅም።

ስለ መርከብ ነጂነትህ ምንም አልነገርከኝም፣ ስለ ቫርኒሽ ብቻ ነው የጻፍከው፣ እሱም ትንሽ አሳስቦኛል። ጀልባዋ እስክትወርድ አናፖሊስ ላይ በሰመር ረቡዕ ማታ ማታ የሸራ ውድድር አለ፣ ኦፍ በሆንክበት ረቡዕ ምሳህን ይዘህ ዶኩ ላይ ሂድና ሰው ይጎድላችኋል ወይ በል፣ ሁሌ የሚጎድለው ጀልባ አይጠፋም፣ ገመድ ትጎትታለህ፣ ትንሽ ይጮሁብሃል፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የማስተምርህን ሁሉ ታውቀዋለህ። በነጻ ነው።

የምትወጣበትን ጊዜ ደግሞ እኔ ልምረጥልህ፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ። ጁላይና ኦገስት ቤዩ ላይ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፣ ይሞቃል፣ ውሃው በሚናደፍ ጄሊፊሽ ይሞላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከምዕራብ በኩል ድንገት መብረቅና ወጀብ ይነሳል፣ ለመጀመሪያ ቀን የሚሆን አይደለም። ፎል ሲገባ ነፋሱ ይመጣል፣ ሰማዩ ይጠራል። ከአናፖሊስ በታች ከሆንክ ቶማስ ፖይንት ያለው መብራት ቤት ቅርብህ ነው፣ ከ1875 ጀምሮ ውሃው መሃል በብረት እግሮች ላይ የቆመ ባለ ስድስት ጎን የእንጨት ቤት ነው፣ እሱን አይታችሁ ተመለሱ፣ ብዙ አትጠጉት፣ አካባቢው ጥልቀት የለውም። ቤዩ በጠቅላላ አማካይ ጥልቀቱ 6 ሜትር ከምናምን ነው፣ ያንተ ኪል መደበኛው ከሆነ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ብትነካም ጭቃ ነው፣ ሁላችንም ነክተናል። የክራብ ወጥመድ ተንሳፋፊዎችን ግን አይንህን አትንቀልባቸው፣ ገመዱ ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ ቢላዋ ይዘህ የምትወርደው አንተ ነህ።

አባትህ። እሳቸው በነበሩበት ዘመን ባህር ኃይሉ «ኢትዮጵያ» የምትባል ትልቅ መርከብ ነበረችው፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የመጣች፣ በፊት «ኦርካ» ትባል የነበረች፣ በ1991 ወደ የመን ሄዳ በዛው የቀረችው። ጠይቃቸው፣ እሷ ላይ ሰርተው ከሆነ ቤዩን ተሻግራችሁ እስክትመለሱ የሚበቃ ወሬ አላቸው። በ77 ዓመት ከዶክ ወደ ጀልባ መሻገር ነው ከሁሉም የሚከብደው፣ ስለዚህ ትንሽ መርገጫ ሳጥን ዶኩ ላይ አስቀምጥ፣ ገመዶቹን ጠበቅ አድርገህ እሰር፣ አንተ ከውስጥ ልጅህ ከውጪ ሆናችሁ ያዟቸው፣ ደግሞ «እኔ ባህረኛ ነኝ ልቀቀኝ» ቢሉህ እንዳትለቃቸው። ካታሊና 27 ብዙውን ጊዜ መሪዋ እንደ መኪና ክብ ሳይሆን ረጅም እንጨት ነው፣ ወደ ቀኝ ስትገፋው ጀልባዋ ወደ ግራ ትሄዳለች። ሸራው ነፋስ ይዞ ሞተሩን ያጠፋህ ሰዓት፣ ጆሮህ ላይ ያ ጩኸት ቀጥ ብሎ ውሃው ብቻ ሲሰማ፣ መሪውን ስጣቸውና ወደ ፊት ሄደህ ተቀመጥ። ዝም በል። ምንም አትንገራቸው።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ ጣውንት ያለችው እውነቷን ነው፣ ሁለት ዓመት ቅዳሜና እሁድህን፣ ገንዘብህን፣ ወሬህን ሁሉ የወሰደች፣ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ያልተቀመጠችባት ነገር ምን ትባል? ሁለቱን ወረቀት አሳያት። የመጀመሪያው ስንት ብር እንደሚፈጅ ሳትቀንስ ንገራት፣ ሁለተኛው ላይ እሷ ሳትፈቅድ አንድ ዶላር እንደማይወጣ ቃል ግባ። ከዛ ሴፕቴምበር ላይ ነፋሱ ልል ሲሆን፣ ልጆቹንም አባትህንም ይዛችሁ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ፣ ሁለት ሰዓት ከበቂ በላይ ነው፣ ደስ ሲላት ተመለሱ እንጂ ሲሰለቻት አይደለም።

ቡናውን ግን ከቤት በፔርሙስ ይዛችሁ ኑ፣ ምድጃው ሁለተኛው ወረቀት ላይ ነው።